አፕስኬል የሚያደርግ ዲቪዲ ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት

አባቴ በሕይወት ሳለ የተቀረጸ አንድ ዲቪዲ አለኝ። ትልቁን ቴሌቪዥን ያስገባሁ ቀን መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው፤ ፊቱ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ሳየው በጣም ከፋኝ። አፕስኬል የሚያደርግ፣ ማለትም «ምስልን ወደ 1080ፒ (ወደ ፉል ኤችዲ) ያሳድጋል» የተባለ ማጫወቻ ገዛሁ፣ ምስሉም ተሻሻለ። ምኑ እንዳሻሻለው የገባኝ ግን ብዙ ምሽት ከሞካከርኩ በኋላ ነው።

ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080 ስለሆነ ልክ አምስት እጥፍ ይሆናል። ስክሪኑን ለመሙላት ምስሉ የግድ ማደግ አለበት፤ ማጫወቻው ባያሳድገው ቴሌቪዥኑ ራሱ ያሳድገዋል። ሁለቱም የጎደለውን ፒክስል የሚሞሉት አጠገቡ ካሉት ገምተው ነው። ካሜራው ያልያዘውን ሽፋሽፍት የሚያመጣ መሣሪያ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን እዩ። የድሮ ማጫወቻዬ የተገናኘው በቢጫው የቪዲዮ ገመድ ነበር። እሱ ቀለምንና ብርሃንን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው በቀለማት ጠርዝ ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። የእኔን ምስል በአብዛኛው ያዳነው ወደ ኤችዲኤምአይ መዞሬ ነው። ያላችሁ ማጫወቻ ኤችዲኤምአይ ካለው አዲስ ሳትገዙ በእሱ አገናኙ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መሰኪያ ብቻ ካለውም ከቢጫው እጅግ ይሻላል።

ቀጥሎ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ይወዳደሩ። የቤት ቪዲዮ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮች ለየብቻ፣ ተራ በተራ ነው የተቀረጹት። እነሱን አጋጥሞ አንድ ምስል ማድረግ ከማሳደጉ ይከብዳል፤ መሣሪያዎች በደንብ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ 576አይ (መስመሮቹ ሳይጋጠሙ የሚላኩበት) ካለ እሱን ምረጡ፤ ያኔ ሥራው ሁሉ የቴሌቪዥኑ ይሆናል። 576ፒ ላይ መስመሮቹን የሚያጋጥመው አሁንም ማጫወቻው ስለሆነ አትሳሳቱ። ከዚያ ወደ 1080ፒ ቀይራችሁ ያንኑ ቦታ ድገሙት። አቁማችሁ አትፍረዱ፣ እየተንቀሳቀሰ እዩት። እኔ የመረጥኩት አባቴ ደረጃ የሚወርድበትን ነው፦ በ576አይ የደረጃው መደገፊያ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሰነጣጠቅ ነበር፣ በ1080ፒ ቀጥ አለ። ወንድሜ ቤት ባለው አዲስ 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ግን ያው ማጫወቻ ተሸነፈ፤ ወንድሜ በ576አይ ትቶታል። ልዩነት ካላያችሁ አዲስ ማጫወቻ አያስፈልጋችሁም። የድሮው ባለ ካቶድ ቴሌቪዥን ላይማ 1080ፒ ጨርሶ ትርጉም የለውም።

በመጨረሻ የቴሌቪዥኑን ሻርፕነስ (የምስል ጠርዝ ማጉሊያ) ዝቅ አድርጉ። ከፍ ሲል ጥራት ይመስላል፤ የሚጨምረው ግን በነገሮች ዙሪያ ሰው ሠራሽ ነጭ መስመር ነው። ቀስ በቀስ ሳወርደው በአባቴ ትከሻ ዙሪያ የነበረው ነጭ ጠርዝ ጠፋ፤ ኮቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ያለ ምንም መስመር ተገናኘ።