ህመሙ የማይለቅ ጓደኛ ካላችሁ፦ እኛም የሠራናቸው ስህተቶች

እኔ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው አለብኝ። በሰፈር አማርኛ "ቁርጥማት" ነው። የሰውነት መከላከያ ጀርም መዋጋት ሲገባው የገዛ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የመኪና አደጋ ደርሶባት ወገቧም ቀኝ እግሯም ተጎድቷል፤ የምትሄደው በክራንች ነው። ሐኪሞች ከ3 ወር ያለፈን ህመም ሥር የሰደደ ይሉታል። እኛ 3 ወሩን ከተሻገርን ዓመታት ሆኖናል።

"ታዲያ ማን ማንን ይረዳል?" ይሉናል። በተራ ነዋ! እሷ እጅ አላት፣ እኔ እግር አለኝ። ከታች ያሉትን ስህተቶች የሚሠሩት ጤነኞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹን እኔ እሷ ላይ፣ እሷም እኔ ላይ ሠርተናቸዋል።

"የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪልኝ"

ቃሉ ደግ ነው። ግን ሥራውን መልሶ የታመመው ሰው ላይ ይጭነዋል። ምን እንደሚያስፈልጋት አስባ፣ ማንን እንደምታስቸግር መርጣ፣ ስልክ አንስታ መለመን ያለባት እሷ ናት። እኛ ደግሞ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። በመጀመሪያው ዓመት "ደውዪ" ያለኝ ሰው ብዙ ነበር። አንዳቸውም ጋ አልደወልኩም።

የሚሠራው ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። ሽንኩርት ልጦ መክተፍ ለኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንድ ቀን ጓደኛዬ "ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርትሽን እኔ ቤት ይዘሽ ነይ" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ሐሙስ ሲደርስ 3 ኪሎ ሽንኩርት በትከሻ ቦርሳ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። በፌስታል አልይዝም፤ ፌስታል ሸክሙን ጣት ላይ ያሳርፈዋል። እሷ ወገቧን በትራስ ደግፋ ትከትፋለች። ዓይኗ እያለቀሰ አፏ ሐሜቱን አያቋርጥም። ቁሌቱን እዚያው ሠርተን ለሁለት እንካፈላለን። ፋርማሲው፣ ወረዳው፣ ሰልፍ ያለበት ጉዳይ ሁሉ ደግሞ የኔ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ቀኑንም ሥራውንም ጥቀሱ። "ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ልብስ ላጥብልሽ?" በሉ። ለተጠየቀ ሰው "ይቅርብኝ" ማለት ቀላል ነው። ደውሎ መለመን ነው የሚከብደው።

"አትችልም" ብሎ ሳይጠሩ መቅረት

ይሄ የኔ ነው፣ ከሁሉም የሚቆጨኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የልጄ ልደት ሲደርስ "ይሄን ሁሉ ደረጃ ምን አስወጣታለሁ" ብዬ ሳልጠራት ቀረሁ። አዝኜላት ነው እኮ! ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየችው። ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ቆይታ "መውጣት ሲያቅተኝ እኔ ልንገርሽ እንጂ አንቺ አትንገሪኝ" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን ትመጣለች። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ የደረጃው መታጠፊያ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ታወጣላታለች፤ እዚያ አረፍ ትላለች። እኔም አወጣጡን ተማርኩ። ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ የተጎዳው እግርና ክራንቹ ይከተላሉ። ሲወረድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቀድማሉ። አጃቢ ሁልጊዜ በታች በኩል ነው የሚቆመው፦ ስትወጣ ከኋላዋ፣ ስትወርድ ከፊቷ።

ክራንች የያዘ ክንድ አይጎተትም። ታክሲ ላይ ረዳቱም ተሳፋሪውም በቅንነት ብብቷን ይዘው ብድግ ሊያደርጓት ይሞክራሉ። ሚዛኗን የሚያስቷት ያኔ ነው። "ምን ልያዝልሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሷ ብዙ ጊዜ "ቦርሳዬን" ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ህንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። ካፌ ስትመርጡ ግን አዋጁን አትመኑ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ደረጃውንና ሽንት ቤቱን እዩ። ቤታችሁ ቡና ስትጠሩም በርጩማውን ተዉትና የሚደገፉበት ወንበር አዘጋጁ። በርጩማ ላይ መቀመጡስ ይቻላል፤ መነሳቱ ነው ጣጣው።

"ትናንት ደህና አልነበርሽ?"

ነበርኩ። እሑድ ሠርግ ላይ እስክስታ ወርጃለሁ። ሰኞ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ነው ያነሳሁት። ሁለቱም እውነት ናቸው። የኔ በሽታ ጠዋት ሲያደርቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ላገኘኝ ሰው ምንም የሆንኩ አልመስልም። ቀኑም ከቀን ይለያያል፤ ትናንት የሠራሁትን ዛሬ እከፍለዋለሁ።

ግን እኔ ራሴ ምን አደረግሁ? ጓደኛዬ ወገቧ ብሶባት ኤምአርአይ ተነሳች። "አዲስ ነገር የለም" አሏት። "እንግዲህ ተመስገን፣ ከሌለ ምኑን አመመሽ?" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ቆይቼ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ምንም ህመም የሌላቸው ሰዎች ሲነሱም ዲስካቸው ወጣ ብሎ የሚታይባቸው ብዙ ናቸው። በተቃራኒው ምስሉ ንጹሕ ሆኖ የሚሰቃይ አለ። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ነርቮች ማስጠንቀቂያውን እየደጋገሙ ሊልኩ ይችላሉ። ፎቶው ህመሙን አይለካም። እሷን ነው መጠየቅ የነበረብኝ።

ክኒን መካፈልና ክኒን ማስጣል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጓደኛዬ አንድ ማታ አዝናልኝ ዳይክሎፌናክ ከሚባለው ከራሷ የህመም ማስታገሻ ሁለት ፍሬ ሰጠችኝ። ጨጓራ እንዳለብኝ ረስታዋለች። እኔም ረሳሁት፤ ህመም ሲጠና ሰው ምን ያስታውሳል? እስኪነጋ ሆዴን ይዤ አደርኩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ። ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰውም ጥሩ አይደሉም። ለሷ የተሻላት ለኔ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። የምወስደው ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። አንዲት ዘመዴ "በየቀኑ ብትወስጂው ቶሎ ይሻልሽ ነበር" ብላ መክራኛለች። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሲወስድ የቆየ ሰውም በአንድ ጊዜ አያቆምም፤ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ስለዚህ "መድኃኒቱን ተዪና ጸበል ግቢ" አትበሉ። "ጸበል እንሂድ፣ መድኃኒትሽንም ያዢ" በሉ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለቁርጥማት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወጌሻም እንደዚሁ። የተጎዳ ወገብ ላይ ሐኪም ሳያውቅ ማሸት አይጀመርም። እግር ድንገት ከከዳ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ብሽሽትና መቀመጫ ከደነዘዘ ግን ማንንም ሳትጠይቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

"ተኚ፣ እኔ እሠራዋለሁ"

እናቴ እስካሁን ይህን አልተወችም። ቀን ከሌት መተኛት ግን ወገብንም መገጣጠሚያንም ያደርቃል፣ ጡንቻን ያሟሽሻል። ለአብዛኛው የወገብ ህመም ሐኪሞች የሚመክሩት በአቅም መንቀሳቀስን ነው። ሌላው ጥግ ደግሞ አለ። ደህና ቀን ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሶ ሦስት ቀን መውደቅ። ጓደኛዬ ስልኳ ላይ 20 ደቂቃ ሞልታ ትከትፋለች። ሲጮህ ቢላዋውን አስቀምጣ ትነሳለች፣ አንድ ሽንኩርት ቢቀራት እንኳ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር።

"ሥራሽን ልቀቂ በቃ"

ይሄን የሚለው ሰው የቤት ኪራዩን አይከፍልላችሁም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ከመልቀቂያ ደብዳቤ በፊት የጥያቄ ደብዳቤ አብራችሁ ጻፉ። ጓደኛዬ ጠረጴዛዋ ምድር ቤት እንዲሆንላት የጠየቀችውን ደብዳቤ እኔው ነኝ የተየብኩት፣ በሁለት ጣት።

"ካንቺ ጋር ሲነጻጸር የኔ ምንም አይደል"

ጤነኛ ጓደኞቼ ቀስ በቀስ ችግራቸውን መንገር አቆሙ። አንዷ ከባሏ ጋር ተጣልታ ሁለት ወር ሲሆናት ከሰው ሰማሁ። "አንቺን ላስጨንቅ?" አለችኝ። ህመሙ ሲነግሥ ጓደኝነቱን አጣሁት። ያመመኝ ጣቴን እንጂ ጆሮዬን አይደለም። ንገሩኝ። ብስጭታችሁን፣ አለቃችሁን፣ ያቃጠላችሁትን ወጥ ንገሩኝ።

የእኛም የሁለታችን ዓይነት አለ፦ "አንቺስ ትራመጃለሽ"፣ "አንቺስ ጨርቅ ትጨምቂያለሽ"። አንድ ጊዜ ጀምረነው በኩርፊያ አለቀ።

ሲሰረዝ መቀየም

ቀጠሮ የሰረዝንበት ብዛት በእቁብ ቢሰበሰብ ሀብታም ነበርን። ዋናው ጣጣ መሰረዙ ሳይሆን ማብራራቱ ነው። አሞት የተኛ ሰው የሚያሳምን ምክንያት መጻፍ አለበት? ስለዚህ አንድ ቃል ተስማማን። በቴሌግራም "ደመና" ከተባለ ቀጠሮው ቀርቷል። ጥያቄ የለም፣ "ምነው ደግሞ" የለም፣ በነጋታው ወቀሳ የለም። የተጻፈለት ሰው ግን ቀጣዩን ቀን ራሱ ይቆርጣል፤ ደግሞ የመጥራቱ ተራ የሱ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ "ደመና" ብላ ላከች። "እሺ፣ ሽንኩርቱ ለቅዳሜ ይቆያል" ብዬ መለስኩላት።