ከጅማ ቶርኖ ቤቶች የእንጨት ዕቃ በብዛት እንዴት ይታዘዛል?

አንድ የረከቦት እግር ማሠራት ቀላል ነው። ሁለት መቶ እግር ማሠራት ግን ሌላ ሥራ ነው። አንዱ በ3 ሚሊ ካጠረ ረከቦቱ ይንገዳገዳል፤ ቡና የሞላ ሲኒ አይቀመጥበትም። ስለዚህ በብዛት ስታዝዙ፣ ከዋጋው በፊት ሁሉም እንዴት አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚወጡ አስቡ።

መጀመሪያ ባለሙያውን ለዩ። ጅማ በእንጨት ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ግን ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ የእጅ ሥራ ነው። ቶርኖ ላይ ደግሞ እንጨቱ በማሽን እየዞረ በስለት ይቀረጻል። የወንበር እግር፣ እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ በአጠቃላይ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ጠራቢውን «አንድ ዓይነት 200 አውጣልኝ» ማለት ሙያውን አለማክበር ነው።

ቀጥሎ ልኩን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ርዝመቱን፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ቦታ በሚሊ ጻፉ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የወንዴው ልክ ነው፤ ማለትም ሴቴው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፍ። የእግሩ ሆድ በ1 ሚሊ ቢለያይ ማንም አያይም። ወንዴው በግማሽ ሚሊ ከወፈረ ግን አይገባም፣ ከቀጠነም ኮላ ብቻውን አያጸናውም። የቱ ልክ ጥብቅ እንደሆነ በቀይ አስምሩበት። ባለሙያው ሌላው ቦታ ላይ ስለሚፈጥን በዋጋም ትግባባላችሁ።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። ዋንዛ ለስለት ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል፤ እኔም ብመርጥ እሱን ነው። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በመንግሥት ደን ውስጥ ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በጅማ ዙሪያ ዋንዛ በቡና ጥላነት ገበሬው ማሳ ላይም ይበቅላል። ግራቪሊያም ጥሩ አማራጭ ነው። ባሕር ዛፍ ይጠነክራል፣ ግን ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል።

ድርቀቱን በፍጹም ችላ አትበሉ። ጅማ ዝናብ አይለያትም፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም እንጨት ቶሎ አይደርቅም። እርጥብ እንጨት ቶርኖ ላይ ክብ ሆኖ ይወጣና ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል። ምክንያቱም እንጨት የግንዱን ክብ የዕድገት ቀለበት ተከትሎ ሲኮማተር ከመሃል ወደ ዳር ከሚኮማተረው ወደ እጥፍ ይጠጋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከጣውላው መሃል ቁራጭ ወስዳችሁ መዝኑ። ከዚያ ከ100 ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ምድጃ ውስጥ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። 560 ግራም የነበረው 500 ከሆነ፣ የጎደለውን 60 ለ500 አካፍሉ፤ እርጥበቱ 12 በመቶ ነው። ለቤት ዕቃ ይሄ ይበቃል። ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ አትቀበሉ። ወይም መጀመሪያ ወፈር ተደርጎ ይቶረን፣ በጥላ ይክረም፣ ከዚያ በልኩ ይጨረስ።

አሁን ናሙና አሠሩ። የተስማማችሁበት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ከናሙናው ጋር መለኪያ ስጡት። ወንዴው 20 ሚሊ ከሆነ፣ አንድ የብረት ሳህን ላይ 20 ሚሊና 19.5 ሚሊ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አስበሱ። ወንዴው በትልቁ መግባት፣ በትንሹ አለመግባት አለበት። ቅርጹን ደግሞ ከኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ፎርማ ያመሳክራል። ሥራው ለሁለት ቶርኖ ቤት ቢከፈል እንኳ ክርክር አይኖርም፤ ቀዳዳው ይፈርዳል።

ዋጋ ስትነጋገሩ እንጨቱን ጨምሮ ነው ወይስ የእጅ ብቻ? በግልጽ ይባል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? የተበላሸው በማን ኪሳራ ነው? ቀብዱ፣ የማስረከቢያው ቀንና የደረሰኙ ነገር ውሉ ላይ ይግባ። 200 ከፈለጋችሁ 210 እዘዙ፤ በገጣጠማ ጊዜ የሚሰነጠቅ አይጠፋም።

ሁሉንም አንድ ላይ አታስጀምሩ። መጀመሪያ 20 ይውጣ። ወስዳችሁ አምስት ረከቦት ላይ ግጠሙት፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጡት። ካልተንገዳገደ «ጋሼ፣ በዚሁ ይቀጥል» በሉ። ቀሪውን ስትረከቡም በቀን ብርሃን፣ መለኪያውን ይዛችሁ ይሁን።

ዕቃው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ከሆነ ማዳበሪያ ውስጥ አትዘርግፉት፤ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይጫጫራል። በካርቶን ደርድሩት፣ በየመሃሉ ወረቀት አድርጉ። ቫርኒሽ ከተቀባም በደንብ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፤ ወረቀቱ ይጣበቅበትና እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይመጣል።