አሮጌ ስኪድ ሎደር ላይ አዲስ አወር ሜትር እንዴት እንደሚገጠም

አሮጌ ስኪድ ሎደር ላይ አወር ሜትሩ (ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው) ሲበላሽ ማንም አይደነግጥም። ሞተሩ ይነሳል፣ ባልዲው ያነሳል፣ ሥራ ይቀጥላል። ቁጥሩ 4,862 ላይ እንደቆመ ሁለት ክረምት ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን "ይሄ ማሽን ዘይት የተቀየረለት መቼ ነው?" ሲባል መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል።

የመኪና ዕድሜ በኪሎ ሜትር ይታወቃል። ስኪድ ሎደር ግን (ብዙ ሰው በአንዱ ፋብሪካ ስም ቦብካት የሚለው ትንሽ ባለባልዲ ማሽን ማለቴ ነው) ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ከአንድ ግቢ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁሉ ነገሩ በሰዓት ነው። የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ዘይት፣ ግሪስ ሳይቀር ማኑዋሉ ላይ በሰዓት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሚከራይ ማሽን ከሆነ ደግሞ ገንዘቡም በሰዓት ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ሽቦና ግማሽ ቀን ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ለሜትሩ ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚያመጣለት። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የሞተው ሜትሩ ነው ወይስ ሽቦው?

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እወቁ። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያስፈልጋችኋል።

ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። ክንዱንና ባልዲውን መሬት አስነኩ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩን ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ አስነሱ። ከውጭ ቆሞ እጅ አስገብቶ ማስነሳት፣ ድጋፍ በሌለው ክንድ ሥር መቆምም፣ በዚህ ማሽን ሰው የገደሉ ልማዶች ናቸው። የወንበሩን የደህንነት ስዊች ለሥራ እንዲመቻችሁ ብላችሁ ከሥራ ውጭ አታድርጉት።

ከሜትሩ ጀርባ ሁለት ጫፎች አሉ። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካገኛችሁ ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ነው። አሁን ጠብቁ። የመጨረሻው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት አንድ አሥረኛ ነው፤ 6 ደቂቃ ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አይታችሁ "ሞቷል" አትበሉ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ንቅንቅ ካላለ አብቅቶለታል።

ቮልት ከሌለ ግን ሜትሩን አትጣሉት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በቀጥታ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሜትሩ ፖዘቲቭ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። አሁን ቮልት ከታየ ችግሩ ማሳው ነው፤ ማሳ ማለት ሽቦው ከማሽኑ ብረት ጋር ታስሮ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። ብሎኑን ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ መልሶ ማሰር ይበቃል። አሮጌ ማሽን ላይ ይሄ የተለመደ ስለሆነ ገንዘብ ሳታወጡ ልትገላገሉ ትችላላችሁ። አሁንም ከሌለ ፊውዙን እዩ፣ ሽቦውን ተከተሉ።

ስትገዙ

የድሮውን ሜትር ቀዳዳ ለኩና ሂዱ። ክቦቹ ብዙ ጊዜ 52 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ አራት ማዕዘኖቹ መጠናቸው ይለያያል። የማሽናችሁ ባትሪ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጡና ሜትሩ ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ። ውሃና አቧራ የማያስገባ ይሁን። በካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠመጠም ርካሽ ሜትርም ገበያ ላይ አለ። እሱ ለቤንዚን ሞተር ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ምንም አይቆጥርላችሁም።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ?

አወር ሜትር ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይቆጥራል፣ ሲያጣ ይቆማል። ሞተሩ ይነሳ አይነሳ እሱ አያውቅም። እንዲያውቅ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

በቀጥታ ከባትሪ ከሰጣችሁት ሌሊትም ይቆጥራል። በ30 ቀን 720 ሰዓት ይሞላላችኋል።

ከቁልፉ መስጠት ይሻላል፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይሄንን ነው። እኔ አልወደውም። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ካልተነሳም ይቆጥራላ። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሳይዘጋ ለምሳ ከወረደ አንድ ሰዓት ተጨመረ ማለት ነው። እንዲህ የተገናኘ የኪራይ ማሽን አይቻለሁ። ባለማሽኑና ተከራዩ በየሳምንቱ ሒሳብ ላይ ይጣሉ ነበር። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበር፤ የሚያጣላቸው አንድ ሽቦ ነው።

እኔ የምመርጠው የዘይት መብራቱን ሽቦ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት አምፖል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ከቁልፉ ፖዘቲቭ ያገኛል። ሌላው ወርዶ ሞተሩ ላይ ከተሰካው የዘይት ግፊት ስዊች ጋር ይገናኛል። ግፊት ከሌለ ስዊቹ ሽቦውን ከማሳ ጋር ያገናኘዋል፣ አምፖሉም ይበራል። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሲገፋ ስዊቹ ይለቀዋል፣ አምፖሉ ይጠፋል።

አሁን በአምፖሉና በስዊቹ መካከል ያለውን ሽቦ አስቡት። ሞተሩ ሲቆም ማሳ ላይ ስለሆነ ቮልቱ ዜሮ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከማሳ ስለሚላቀቅ የቁልፉ ፖዘቲቭ በአምፖሉ ክር አልፎ እሱ ላይ ይደርሳል፤ ከ13 ቮልት በላይ ታገኙበታላችሁ። እንግዲህ የሜትሩን ፖዘቲቭ እዚህ ሽቦ ላይ፣ ነጌቲቩን ማሳ ላይ ካሰራችሁ ሜትሩ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ይቆጥራል። ኤሌክትሮኒክ ሜትር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ አምፖሉን አያበራውም።

ሌላም ጥቅም አለው። አምፖሉ ከተቃጠለ ሜትሩም ይቆማል። ዘይት ሲጎድል የሚያስጠነቅቃችሁ መብራት መሞቱን በዚህ ታውቃላችሁ።

ዝም ብላችሁ ግን አትቁረጡ። መጀመሪያ ለኩ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ስዊቹ ላይ ያለው ሽቦ ወደ ዜሮ መሆን አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ባትሪው ቮልት መውጣት አለበት። እንዲህ ካልሆነ ያገኛችሁት ስዊች ሳይሆን የጌጅ ሴንደር (የግፊቱን መጠን ለዳሽቦርድ ጌጅ የሚልክ) ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ በአምፖል ፋንታ ኤልኢዲ ካለ፣ ወይም ዘይት ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስዊች) እዚያው ሽቦ ላይ ካለ፣ ይሄን መንገድ ተዉት።

ያኔ የዲናሞውን የቻርጅ መብራት ሽቦ ተጠቀሙ። ዲናሞው ላይ "ኤል" ወይም "ዲ ፕላስ" የሚል ምልክት ያለው ጫፍ ነው። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ዲናሞው ሲያመነጭ ብቻ ቮልቱ ይወጣል። ቺንጋው ከተበጠሰ መቁጠሩን እንደሚያቆም ብቻ ልብ በሉ። ሦስተኛው አማራጭ ግፊት ሲያገኝ የሚዘጋ ሁለተኛ የዘይት ስዊች ማስገባት ነው። እዚህ የስዊቹን የብሎን ጥርስ ተጠንቀቁ። የአሜሪካው የቧንቧ ጥርስ ልክ፣ ኤንፒቲ አንድ ስምንተኛ፣ በኢንች 27 ጥርስ አለው፣ ብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ደግሞ 28። ለዓይን አንድ ናቸው። የማይገጥመውን አስገድዳችሁ ካጠበቃችሁ ዘይት ያፈሳል።

ገመዱን መዘርጋት

ከባትሪው መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ። የድሮውን ሜትር ሽቦዎች ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ እሱንም አንሱት።

ሽቦው በብዙ ቀጫጭን ክር የተሠራ የመኪና ሽቦ ይሁን፤ 1 ወይም 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለቤት መብራት የሚውለውን ባለ አንድ ክር ድፍን ሽቦ በፍጹም አታስገቡ። ስኪድ ሎደር ይንቀጠቀጣል። ድፍን ሽቦ ጥቂት ወር ከታጠፈ በኋላ በላስቲኩ ውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ደህና ስለሚመስልም ለማግኘት ያሰቃያል።

መጋጠሚያውን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለዚህ ማሽን አይሆንም። በፒንሳ የሚጨመቅ ተርሚናል አድርጉና በላዩ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ አልብሱት። ሽቦው የቆርቆሮ ቀዳዳ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ይኑር። ከማርሚታውና ከቺንጋው አርቁት። ካቢኑ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ማጠፊያው ላይ ላላ አድርጋችሁ አሳልፉት፣ አለዚያ ካቢኑ ሲነሳ ይበጥሰዋል።

ማሳውን ካቢኑ ላይ ባገኛችሁት ብሎን አትሰሩ። ብዙ ማሽን ላይ ካቢኑ የተቀመጠው ጎማ ላይ ስለሆነ ማሳው ደካማ ነው። የዳሽቦርዱን ዋና የማሳ ሽቦ ፈልጉ፣ ወይም እስከ ሻሲው አውርዱትና ቀለሙን ፍቃችሁ እሰሩት። ፖዘቲቭና ነጌቲቭ እንዳይገለባበጥ እዩ፤ ኤሌክትሮኒክ ሜትር በዚህ ሊቃጠል ይችላል።

ፊውዝስ? በዘይት መብራቱ መንገድ ከሄዳችሁ አምፖሉ ራሱ ኤሌክትሪኩን ይገድባል። ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ መብራቱ በርቶ ይቀራል እንጂ ሽቦው አይቃጠልም። ከዲናሞው ወይም ከቁልፉ ከወሰዳችሁ ግን 1 ወይም 2 አምፔር ፊውዝ፣ ኤሌክትሪኩ ከሚነሳበት አጠገብ፣ የግድ ነው።

ሙከራ

ባትሪውን መልሱ፤ አሁን ነጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ቆዩ። የዘይት መብራቱ መብራት አለበት፣ ሜትሩ መቁጠር የለበትም። አሥር ደቂቃ ያህል ታገሱ። ከዚያ አስነሱ። መብራቱ ይጠፋል፣ ሜትሩ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ሲቆጥሩ ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን እጃችሁን ጋርዳችሁ ተመልከቱ። ደብዘዝ ብሎ ከበራ ሜትሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ነው፤ ሌላ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ብቻ ስትከፍቱ ደግሞ መቁጠሩን ማቆም አለበት።

አሁን የድሮውን ቁጥር ጻፉ። ትንሽ ብረት ላይ በማይለቅ ቀለም ወይም በምስማር ጭረት "4,862 ላይ ቆሟል፣ አዲሱ የገባው በዚህ ቀን" ብላችሁ ሜትሩ አጠገብ ለጥፉት። ማሽኑ ያለ ሜትር የሠራበት ጊዜ ካለ እሱንም ጨምሩ። ነገ ማሽኑን የሚገዛ ሰው ዜሮ አካባቢ ያለ ቁጥር አይቶ አዲስ ማሽን እንዳይመስለው ይሄን የማወቅ መብት አለው።

ከዚያ በዚያው ቀን የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። የመጨረሻው መቼ እንደነበር የሚያውቅ ስለሌለ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምር። ማኑዋሉ 250 ሰዓት ካለ፣ ሜትሩ 250 ሲል ትቀይራላችሁ።