የሪዳክቴዝን አንቲቦዲ ስትሞክሩ ሳምፕሉን አታፍሉት

ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ውስጥ በክብደት ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ወረቀት አሻግሮ፣ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የማሳየት ዘዴ) ስማር መጀመሪያ በቃሌ የያዝኩት፣ ሳምፕሉን በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ማፍላት ነው። ለአብዛኛው ፕሮቲን ደህና ነው። ለኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ ግን አይሆንም፤ ይህን እስክረዳ ሦስት ሳምንት ባክኖብኛል።

ሪዳክቴዝ ሴል ኮሌስትሮል ሲሠራ ፍጥነቱን የሚወስነው ኢንዛይም ነው፤ ሕመምተኞች የሚውጡት ስታቲንም የሚያግደው እሱኑ ነው። የሰው ሪዳክቴዝ 888 አሚኖ አሲድ አለው፣ ክብደቱም ወደ 97 ኪሎዳልተን ነው። የፊተኛው ክፍሉ የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምን (ሴሉ ውስጥ ያለ የሽፋን መረብ) ሽፋን 8 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየበሳ ስለሚያልፍ ውሃ አይወድም፤ ሲፈላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል፣ ጄሉም ውስጥ አይገባም። እኔ ሜምብሬን ላይ ያየሁት፣ ከላይ ከጉድጓዶቹ ሥር ጥላሸት የመሰለ ጭረት፣ 97 አካባቢ ደግሞ ባዶ ነጭ ነበር። አንቲቦዲው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አስገዛሁ። ያንኑ አሳየኝ። አሁን ሳምፕሉን ከነበፈሩ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ብቻ ነው የማሞቀው።

ሴሉን ስታፈርሱ ከበረዶ አትለዩት፤ የፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተሩንም (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግደውን) እዚያው ጨምሩ። አለበለዚያ ኢንዛይሙ ይቆራረጥና የኋለኛውን ክፍል የሚይዝ አንቲቦዲ በ97 ፋንታ 62 ወይም 53 ኪሎዳልተን አካባቢ ባንድ (ፕሮቲኑ ያረፈበትን መስመር) ያሳያችኋል።

ባንድ መጣ ብላችሁ ግን ወዲያው አትመኑ። ሴሉን በሁለት ሳህን ዝሩ። አንዱን ሊፖፕሮቲን (ኮሌስትሮል ተሸካሚው) በወጣለት ሴረም፣ ከስታቲንና ከጥቂት ሜቫሎኔት (ሪዳክቴዝ ከሚሠራው ውጤት) ጋር አሳድሩት፤ ሌላውን 25-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል የተባለውን ስቴሮል (የኮሌስትሮል ዘመድ) አጠጡት። ኮሌስትሮል የተነፈገው ሴል ሪዳክቴዙን አብዝቶ ይሠራል፣ ያለውንም ቶሎ አያፈርስም፤ ባንዱ ይደምቃል። ስቴሮል የጠገበው ደግሞ ኢንዛይሙ ላይ ዩቢኩዊቲን የተባለ የ«ይፍረስ» ምልክት ለጥፎ ፕሮቲን ወደሚያፈርሰው ፕሮቲያዞም ይልከዋል፤ ባንዱ ይደበዝዛል። ይህ የኮሌስትሮል ቁጥጥር አሜሪካ፣ ዳላስ ላይ ተመራማሪዎቹ ጎልድስታይንና ብራውን ለዓመታት የደከሙበት ነው፤ በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ባንድ ካሳዩ፣ አንቲቦዲያችሁ የያዘው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ሻጩ በወረቀቱ ላይ ምንም ያማረ ፎቶ ቢለጥፍ እኔ አልጠቀምበትም።

የቀረው የተለመደው ነው፤ አንቲቦዲው በየቦታው እንዳይጣበቅ ሜምብሬኑን በ5 በመቶ ወተት ለ1 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ አንቲቦዲውን 1 ለ1000 በጥብጦ በ4 ዲግሪ ማሳደር። ስታቲን የጠጣውን ሳምፕል በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ-80 አስቀምጡት፤ አዲስ አንቲቦዲ በመጣ ቁጥር አንዷን አውጥታችሁ መጀመሪያ በእሷ ትሞክሩታላችሁ።