ያረጀ ውሻ ሲወድቅና ሲንፈራገጥ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ውሻችን ቡቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው 12 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም በረንዳ ላይ ሳህን ሲንኳኳ ሰምቼ ስወጣ በጎኑ ተጋድሞ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ አራቱም እግሮቹ የሚሮጥ ይመስል አየሩን ይመታሉ። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ሽንቱም አምልጦታል። ጥበቃችን ከኋላዬ ደርሶ «እትዬ፣ አብዷል! እንዳይጠጉት» አለኝ። እኔ ደግሞ ምላሱን እንዳይነክስ ብዬ እጄን ወደ አፉ ልሰድ ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ሕመሙ የሚጥል በሽታ ነበር፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከእሱ ጋር 2 ዓመት ኖረናል። የጻፍኩት የእንስሳት ሐኪሙ ያስተማረኝንና በዓይኔ ያየሁትን ነው። ውሻችሁ አሁን መሬት ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብቡ።

አሁን እየተንፈራገጠ ነው

ሰዓት ተመልከቱ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ 1 ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ስለምትመስል በግምት አትመኑ። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከመጀመሪያው ሳይነቃ ሁለተኛው ከተከተለ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ 2 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጣለው ግን ቀጠሮ የማይጠብቅ አደጋ ነው። ጡንቻው ያለ ዕረፍት ሲሠራ ሰውነቱ ይግላል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ ግድም ነው፤ መንፈራገጡ ሲረዝም ግን ከ41 ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ አንጎሉም ሌላውም የውስጥ አካሉ ይጎዳል።

እስኪያበቃ ድረስ ሥራችሁ ዙሪያውን ማጽዳት ነው። ደረጃ አጠገብ ከሆነ በጀርባው በኩል ሆናችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ወንበሩን፣ ሳህኑን፣ ምድጃውን አርቁ፤ ከራሱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ አድርጉ። መብራትና ቴሌቪዥን አጥፉ። ልጆችን ወደ ቤት አስገቡ፤ ሌላ ውሻ ካለ እሰሩት፤ አብሮ ያደገ ውሻ እንኳ የሚንፈራገጠውን ሊነክሰው ይችላል። አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ውሻው ደህና ሆኖ ቆሞ ስለሚገኝ ከእናንተ ገለጻ ይልቅ ያ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ይነግረዋል።

እጃችሁን ወደ አፉ አትስደዱ። ውሻ ምላሱን አይውጥም፤ መንጋጋው ሲገጥም ግን ጣት ሊቆርጥ ይችላል፤ ራሱን ስለማያውቅ ባለቤቱን አይለይም። ማንኪያም አትጨምሩ። ውሃ፣ ወተት፣ ጠበል በአፉ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየሰፈሩ የለመድነው ነገር ስለሆነ ለውሻም ይሞከራል። ክብሪቱ አይደለም የሚያነቃው፤ ክብሪቱ እስኪፈለግ ድረስ መንፈራገጡ በራሱ ጊዜ አብቅቷል።

5 ደቂቃው ከሞላ ሐኪሙ አስቀድሞ የሰጣችሁ በፊንጢጣ የሚገባ ዳያዜፓም (መንፈራገጡን የሚያቆም መድኃኒት) ካለ በታዘዘው ልክ ስጡ። ሆዱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ በረዶ ግን አታድርጉ። በአንሶላ ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አስተኙትና መስኮት ከፍታችሁ ሂዱ። ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ክሊኒክ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ቤት ድረስ የሚመጣ የአንድ ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ፈልጉና በሌሊት ስልኩን ያነሳ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት።

አብቅቷል፤ ግን ይዞራል፣ ይጋጫል፣ አያውቀኝም

ይህ ከመንፈራገጡ በኋላ የሚመጣ የመደናገር ጊዜ ነው። አንጎሉ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይቆያል፤ በሽማግሌ ውሻ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። ግድግዳ ይጋጫል፣ ዓይኑ ለጊዜው አያይም፣ ያገኘውን ሁሉ መብላት ይፈልጋል። ቡቺ የመጀመሪያው ቀን አጉረመረመብኝ፤ 12 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አጉረምርሞብኝ አያውቅም ነበር። አልቅሻለሁ። አሁን ግን ምን እንደሆነ ስለማውቅ በሩን ዘግቼ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ስሙን በለሆሳስ እየጠራሁ ከሩቅ እቀመጣለሁ። አትቀፉት። በእግሩ ቆሞ መዋጥ ሲችል ጥቂት ውሃ፣ ቆይቶ ጥቂት ምግብ ስጡት። በ2ኛው ቀን ዓይኑ ካልተመለሰ ወይም ሚዛኑን ካላገኘ ጉዳዩ ሌላ ነውና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ወደቀ እንጂ አልተንፈራገጠም

በእርጅና የሚመጣ መውደቅ ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሲሮጥ ወይም ሲያስለው ዝልፍልፍ ብሎ ወድቆ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ደህና ከተነሳ ልቡን አስመርምሩ። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ እየተወራወረ፣ እንደ ሰከረ እየተንገዳገደ ራሱን ግን የሚያውቅ ከሆነ የሚዛን ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ በሽማግሌ ውሾች ላይ በድንገት ይመጣል፤ ያስደነግጣል፤ ብዙዎቹ ግን በ3 ቀን ውስጥ መሻል ይጀምራሉ። ተኝቶ እግሩን የሚያወራጭና ስሙ ሲጠራ የሚነቃ ከሆነ ሕልም ነው፤ ተዉት ይተኛ።

«አብዷል» ሲሉ

ብዙ ያረጀ ውሻ በዚህ አንድ ቃል ምክንያት በድንጋይና በዱላ ስለሚሞት እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። በሌላ በኩል የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው የሚገድል እውነተኛ በሽታ ነው፤ በፍቅር ብቻ አይታለፍም።

ዋናው ልዩነት የጊዜ ነው። የሚጥል በሽታ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ውሻው ያው የምታውቁት ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከያዘ አይለቅም፣ ከቀን ወደ ቀን ይብሳል። ጠባዩ ይለወጣል፤ ተግባቢው ይደበቃል፣ ፈሪው ይደፍራል። ጩኸቱ ይጎረንናል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ በመጨረሻም ሽባ ሆኖ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ይሞታል። በየዓመቱ ክትባቱ የታደሰ፣ ከግቢ የማይወጣ ሽማግሌ ውሻ ወድቆ ከተነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው። የክትባት ደብተሩን በቅርብ አስቀምጡ፤ ጎረቤት ሲሰጋ አውጥታችሁ አሳዩ።

ክትባቱ ካለፈበት ወይም ከማያውቁት ውሻ ጋር ተጣልቶ ከነበረ ግን ለብቻው አግዱት፣ ምራቁን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ካገኘ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ውሻው ምን እንደሚሆን እንጠብቅ ተብሎ ክትባት አይዘገይም። ታግዶ ሳለ ከሞተ ዝም ብላችሁ አትቅበሩት። ለእንስሳት ሐኪሙና ለጤና ጣቢያው ንገሩ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የውሻውን አንጎል መርምሮ በሽታው መሆን አለመሆኑን ያረጋግጣል።

ለምን አሁን፣ በዚህ ዕድሜው?

ዕድሜ ራሱ ምርመራ ነው። ምክንያቱ የማይታወቀውና በዘር የሚሄደው የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ውሻ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ብሎ መተው ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ በቀላሉ ይታከማሉ።

መቼ እንደጣለው አስታውሱ። ሳይበላ ቆይቶ ወይም ብዙ ሮጦ ከሆነ የደም ስኳር መውረድን ጠርጥሩ፤ በሽማግሌ ውሻ የቆሽት ዕጢ ያመጣዋል። ከነቃ በኋላ ድዱን ማር ቀቡትና ስኳሩን አስለኩ፤ ርካሽና የአፍታ ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቅ ምርመራ ይህ ነው። ከበላ በኋላ የሚደነዝዝ፣ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ የሆነ ከሆነ ጉበቱን፤ ብዙ የሚጠጣ፣ ብዙ የሚሸና፣ የሚከሳና ትንፋሹ የሚከረፋ ከሆነ ኩላሊቱን አስመርምሩ።

መርዝንም አትርሱ። ለባዘኑ ውሾች የሚጣለው ስትሪክኒን ውሻውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ ድምፅ ወይም ንክኪ ሲያገኝ ይብስበታል፣ ራሱን ግን አይስትም። ለከብት መዥገር በሚረጨው ዲያዚኖን ውሻ የሚያጥቡ ሰዎችም አሉ፤ ያ ምራቅ፣ እንባ፣ ትውከትና ተቅማጥ ካስከተለ በኋላ ያንቀጠቅጣል። በቆዳው ላይ ካለ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

በሁለት መውደቅ መካከል ባለው ጊዜም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚዞር፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የሚቆም፣ ጥግ ገብቶ መውጣት የሚያቅተው፣ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ችግሩ አንጎሉ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ዕጢ ነው። ለማረጋገጥ ኤምአርአይ (የአንጎሉን ውስጥ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ያስፈልጋል፤ ለውሻ ይህን የምናገኝ ብዙ አይደለንም። የቡቺ የደም ምርመራ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ወደ ግራ መዞር ሲጀምር ሐኪሙ ዕጢ ብሎ ገምቶ፣ የአንጎሉን እብጠት የሚቀንስ ፕሬድኒሶሎን ከሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ጋር አዘዘለት። አያድንም፤ ብዙ ደህና ወራት ግን ሰጥቶናል። ሰፋ ያለ ምርመራ ለሚፈልግ በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

መድኃኒት ጀመረ፤ ችግሩ ግን አላለቀም

አንድ ጊዜ ለአጭር ደቂቃ የጣለው ውሻ ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም። በ6 ወር ውስጥ 2 ጊዜ ከጣለው፣ ተከታትሎ ወይም ረዝሞ ከመጣ፣ ወይም መነሻው አንጎል ውስጥ መሆኑ ከታወቀ ግን ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፤ በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። በእኛ ሰዓት ይቀላል፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። መጠኑ በክብደት የሚሰላ ስለሆነ ለሰው የታዘዘ ክኒን ገምታችሁ አትስጡ። ለሰው የተሠሩ አንዳንድ ሽሮፖች ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አላቸው፤ ለውሻ መርዝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይንገዳገዳል፣ ይተኛል። ይህ እያደር ይቀንሳል። ረሃቡና ጥማቱ ግን ይቆያሉ፤ ሽንቱን ቤት ውስጥ ቢለቅ አትቆጡት፣ ሌሊት አንድ ጊዜ አስወጡት። ከርኅራኄ የተነሳ ልፋጭ አታብዙለት፤ የወፈረ ሽማግሌ ውሻ መገጣጠሚያው አይሸከመውም። ከጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን፣ በየ6 ወሩም ጉበቱ ይታያል። ጉበቱ አስቀድሞ ከታመመ ሌቬቲራሴታም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ውድም ነው። ፖታሲየም ብሮማይድ የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ የምግቡ ጨው ሳይለዋወጥ ይቆይ፤ ጨው ሲበዛ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ይወጣል፣ በሽታውም ይመለሳል። ለዓመት በዓል የተረፈ ወጥ ለእሱ አይሆንም።

ደህና ሰንብቶ በድንገት ከጣለው በመጀመሪያ ክኒኑን ቁጠሩ። እኛ ቤት የተከሰተው ይኸው ነበር፤ በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ሌላው የሰጠው መስሎት ለ2 ቀን አልተሰጠም። ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ራሱ ያንፈራግጣል። «ተሽሎታል» ብሎ ማቆምም እንዲሁ ነው። ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የ2 ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሰጠ ሰው ይፈርማል፣ ከጣለውም ቀኑ፣ ሰዓቱና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፋል።

መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ላያቆመው ይችላል። በየሳምንቱ የነበረው በየ2 ወሩ ከሆነ ሠርቷል።

በየቀኑ ሲሆንበት

ያ ወረቀት የምናውቀውን ያሳየናል። መጥፎዎቹ ቀናት ከደህናዎቹ ሲበዙ፣ መብላት ሲያቆም፣ በሁለት መውደቅ መካከል ወደ ራሱ መመለስ ሲያቅተው ሐኪሙን ስለ ማሳረፍ አነጋግሩት። መኪና ጭኖ ከከተማ ውጭ መጣል ወይም ሥጋ ውስጥ መርዝ መስጠት ለዚህ ውሻ የሥቃይ ሞት ነው። ሐኪሙ ቤት ድረስ እንዲመጣ ለምኑት፤ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ እንዲወጋው፣ የመጨረሻውም እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ እንዲሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚያውቀው ምንጣፍ ላይ ይተኛ፤ ራሱንም የሚያውቀው ሰው ይያዘው።