ሲጢጥ የሚል የታይታኒየም ትራያትሎን ብስክሌት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ብስክሌት የምጠግነው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ የትራያትሎን ሰው (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ አከታትሎ የሚወዳደር) ወራት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ትሬይነር ላይ፣ ማለትም ብስክሌቱን አንድ ቦታ በሚይዝ መሣሪያ ላይ ይነዳል። ላቡ ሁሉ ብስክሌቱ ላይ ይንጠባጠባል። በረዶው ሲቀልጥ እኔ ጋ ይመጣል፤ "በልኬ ያሠራሁት የታይታኒየም ፍሬም ነው፣ ግን ድምፅ ያወጣል" ይለኛል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጎማ መንፋቱን፣ ካቴና መቀባቱንና የተላላ ቡሎን ማጥበቁን ጨርሳችሁ ነው የምታነቡት ብዬ ልቀጥል።

ታይታኒየም አይዝግም። እውነት ነው። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ፍሬሙ አይዝግም ማለት እሱ ላይ የሚገጠመው አይበላም ማለት አይደለም። አሉሚኒየም ታይታኒየም ላይ ሲገጠምማ ብቻውን ከሚሆነው ይበልጥ ይበላል። ሁለቱ ተነካክተው መሃላቸው ጨዋማ ላብ ሲገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ከታች የምጽፈው አብዛኛው ከዚህ የሚነሳ ችግር ነው።

ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ

ሁሉም ሰው ቦተም ብራኬቱን፣ ማለትም ፔዳሎቹን የሚያዞረው ዘንግ ፍሬሙ ታች ላይ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይጠረጥራል፤ ድምፁ ከእግር ጋር ስለሚመጣ። ታይታኒየም ቱቦ ግን ድምፅ ያስተላልፋል። ላይ የተነሳው ታች ይሰማል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ እየተሰማ ከኮርቻው ተነሱና ቆማችሁ ርገጡ። ከጠፋ ችግሩ ኮርቻው ወይም የኮርቻው ዘንግ ነው። ካልጠፋ ተቀምጣችሁ መሪውን ሳትጫኑት ርገጡ። አሁን ከጠፋ ኤሮባሩን (ክንድ አስደግፎ ወደ ፊት የሚያስደፋውን መያዣ) ወይም የመሪውን ማሰሪያ ፍቱ። በሁለቱም ካልጠፋ ያኔ ወደ ፔዳሉና ወደ ቦተም ብራኬቱ ውረዱ።

አንድ ደንበኛ ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው መጣ። 180 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ትልቁ ርቀት ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ቦተም ብራኬት ቀይረውለታል፤ ሁለት ጊዜም ከፍሏል። በሩ ላይ ቆሞ እንዲረግጥ አደረግሁት። ድምፁ ጠፋ። የኮርቻውን ዘንግ ሳወጣው ደረቅ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ይዟል። ጠረግሁት፣ አንቲሲዝ (ብረትና ብረት እንዳይጣበቅ የሚቀባ ቅባት) ቀብቼ መለስኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ሰው ገንዘብ ያስከፈለው ቆሞ እንዲረግጥ የሚነግረው ሰው መጥፋቱ ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሄው ይህ ነው። የዘንጉን ከፍታ በቴፕ ምልክት አድርጉ። አውጡትና የፍሬሙን ውስጥ በጨርቅ ጥረጉ። አሉሚኒየም ዘንግ ከሆነ አንቲሲዝ በደንብ ቀቡት። ካርቦን ከሆነ ግን ግሪስ አታስነኩት፤ ይንሸራተታል። ለእሱ አሸዋማው የካርቦን ፔስት አለ። ማሰሪያውን ላዩ ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁ፤ አብዛኛው ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው። ትሬይነር ላይ የምትነዱ ከሆነ ይህን በየሁለት ወሩ አድርጉት።

የኮርቻው ዘንግ አልወጣ ሲል

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ፍሬም የሚበላሸው እዚህ ነው።

አሉሚኒየም ሲበላ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ዘንጉን እንደ ሽብልቅ ይቀረቅረዋል። ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ማሞቅ ነው። ተሳስቷል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ታይታኒየም ከሚሰፋው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ነው። ስታሞቁት ይበልጥ ትቀረቅሩታላችሁ። የሚሠራው ማቀዝቀዝ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ብስክሌቱን እገለብጠዋለሁ። ቦተም ብራኬቱን አውጥቼ ከታች በኩል ዘልቆ የሚገባ ዘይት እጨምራለሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን እተወዋለሁ። ከዚያ ባዶው ዘንግ ውስጥ የተፈጨ ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እሞላለሁ። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው። 27.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ከፍሬሙ ጋር አብሮ እንኳ ቢቀዘቅዝ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይበቃል። የዘንጉን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስሬ ፍሬሙን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ወደ ፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ። ዘንጉ ይበላሻል፤ ይበላሽ። የሚድነው ፍሬሙ ነው።

ወፍራም ጓንት አድርጉ። በርና መስኮት ክፈቱ፤ ጋዙ ሰው ያፍናል። ቱቦውን በምንም አትድፈኑት፤ ይፈነዳል። የኤሌክትሮኒክ ካምቢዮ ያለው ብስክሌት ከሆነ ባትሪው ብዙ ጊዜ እዚያው ዘንግ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባትሪው ውስጥ እያለ በረዶም እሳትም አታስጠጉ። ዘንጉ ካርቦን ከሆነም ይህን ዘዴ ተዉት።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ትዕግሥት አጥቶ ዘንጉን በትልቅ የቧንቧ ቁልፍ ይዞ ጓደኛው እየረዳው ተጣመመበት። ዘንጉ አልወጣም። ፍሬሙ ግን ከማሰሪያው በታች ተሰነጠቀ። በልኩ የተሠራ፣ ወራት የጠበቀው ፍሬም! ታይታኒየም ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት የሚሠራው ነገር አይደለም። ሲሞቅ አየር ከነካው ተሰባሪ ይሆናል፤ ከውጭም ከውስጥም በአርጎን መሸፈን አለበት። ስለዚህ ወደ ሠራው ሰው ተመልሶ ተላከ።

ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን አሟሙቶ ታይታኒየሙን ይተዋል ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ ነው። ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ የሚነካውን ሌላ የአሉሚኒየም ዕቃ ሁሉ ይበላል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ልጆች ባሉበት ቤትማ ጨርሶ።

ቆማችሁም ሲጢጥ ካለ

መሪውን ሳትጫኑትም ካልጠፋና ፔዳሉ ደህና ከሆነ፣ አሁን ቦተም ብራኬቱ ነው። ጥርስ ያለው፣ ማለትም እንደ ቡሎን እየዞረ የሚገባው ከሆነ ፍቱት፣ አጽዱት፣ አንቲሲዝ ቀብታችሁ በ35 እና በ50 ኒውተን ሜትር መካከል አጥብቁት። በተለመደው የእንግሊዝ ጥርስ በካቴናው በኩል ያለው በግራ እንደሚዞር አትርሱ። ደረቅ አታስገቡ፤ የታይታኒየም ጥርስ ሲነክስ አይለቅም።

ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬሙ ሲበየድ ክቡ ቀዳዳ ትንሽ ይጣመማል። ጥሩ ሠሪ ከብየዳው በኋላ መልሶ ይቀርጸዋል። ቸኩሎ የሠራው አይቀርጸውም። በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ለኩት። ሞላላ ከሆነ ኩሽኔታ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው። ግራና ቀኙ መሃል ላይ እርስ በርስ በጥርስ የሚያያዘውን ዓይነት ግጠሙ፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። ገና ለማሠራት የምታስቡ ደግሞ ከወዲሁ ጥርስ ያለው ይሁን ብላችሁ እዘዙ። ተገፍቶ የሚገባ ነገር ታይታኒየም ላይ አልመክርም።

ሌሎቹ

በኃይል ሲረገጥ ካቴናው ከፊት ካምቢዮ ጋር ከተፋተገ የፍሬሙ ታች ይለመጣል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ታይታኒየም የብረትን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚገትረው፣ ሠሪው በወፍራም ቱቦ ማካካስ ነበረበት። ቱቦ ውስጥ ቋ ቋ የሚል ሽቦ ስፖንጅ ይልበስ። አዲስ ፍሬም ስትረከቡ ብየዳውን በባትሪ እዩ፤ ብርማ ወይም ቀለል ያለ ገለባማ ቀለም ጥሩ ነው፣ ግራጫና ዱቄታማ ከሆነ አትቀበሉ። ብየዳ ጥግ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ አትንዱት።

መሪው ሲንቋቋ

ይህ ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። የትራያትሎን ነጂ ኤሮባሩ ላይ ሲደፋ ፊቱ ከመሪው በላይ ነው። ላቡ በቀጥታ የሚወርደው ማሰሪያው፣ ቡሎኖቹና የላይኛው ኩሽኔታ ላይ ነው። የስፖርት መጠጡም እዚያው ይፈስሳል። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አውጡ። ጭንቅላቱ የዛገ ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ነገ ቁልፉ ሲዞርበት በመሰርሰሪያ ነው የምታወጡት። ከኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ፣ ቀለሙ የሚያምር የታይታኒየም ቡሎን እዚህ ቦታ አትግጠሙ። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ስንት አውጥቻለሁ! ጥሩ የብረት ቡሎን ግሪስ ተቀብቶ ይበቃል።

መሪው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ቴፑን ፍቱት። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ክረምት ያንኑ ቴፕ ሳይፈታ ነድቷል። እኔ ስፈታው ከሥሩ ያለው መሪ ተቦርቡሮ በጣቴ ስጫነው ገባ። በማግስቱ ቁልቁለት ሊወርድበት ነበር። ቴፑን በዓመት አንዴ ፍቱ። ጉድጓድ ካያችሁ አትፋቁት፣ አትቀቡት። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ቆርጣችሁ ጣሉት።