የሥጋ ጥንቸል በፍጥነት እንዲያድግ፦ ዘር ከመግዛትዎ በፊት መኖውን ያስተካክሉ

የኒውዚላንድ ነጭ ጥንቸል የተመጣጠነ የፋብሪካ መኖ ሳይቋረጥበት ካደገ ከ9 እስከ 11 ሳምንት ባለው ጊዜ 2 ኪሎ ይደርሳል። ያው ዘር ሳርና የጓሮ ቅጠል ብቻ ሲቀርብለት ለዚያው ክብደት 4 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ዘሩ የሚያሳየው እድገት መኖው የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ መኖው ላይ ይዋል።

ዘር

ለሥጋ መካከለኞቹ ይሻላሉ፦ ሲጎለምስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነው ኒውዚላንድ ነጭ፣ እንዲሁም ከእሱ ትንሽ ቀለል የሚለውና ጆሮው፣ አፍንጫው፣ እግሩና ጅራቱ የጠቆረው ካሊፎርኒያ። ፍሌሚሽ ጃይንት ከ6 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ጀማሪዎች ይመኙታል፤ ለሥጋ ግን አንመክረውም። መጀመሪያ አጥንቱን ነው የሚገነባው፤ ሥጋ የሚሞላው ዘግይቶ ነው፣ እስከዚያ ብዙ መኖ ይጨርሳል። በሽቦ ወለል ላይ ደግሞ ክብደቱ እግሩን ያቆስለዋል።

የካሊፎርኒያ ወንድ ከኒውዚላንድ ሴት ጋር ሲዳቀል ጥሩ ግልገል ይገኛል። በአካባቢው የቆዩ አነስተኛ ሴት ጥንቸሎች ካሉዎትም አይሽጧቸው፤ መካከለኛ መጠን ካለው ወንድ ጋር ያዳቅሏቸው። ወንዱን ከሴት ልጆቹ ወይም ከእህቶቹ ጋር ማጣመር ግን እድገቱን ይጎትታል፣ የሚሞተውንም ግልገል ያበዛል። በየቤቱ በር ላይ የእናትና የአባት ቁጥር እንዲሁም የወለደችበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይንጠልጠል።

ለእርባታ የምትቀር ሴት ሲመርጡ የእናቷን ትልቅነት ብቻ አይዩ። ግልገሎች እስከ 3 ሳምንት ድረስ የሚኖሩት በወተት ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በ21ኛው ቀን ግልገሎቹ በአንድነት ሲመዘኑ የእናትየዋ ወተት መጠን ይታወቃል።

መኖ

በማደግ ላይ ያለ ጥንቸል ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲንና ቢያንስ 14 በመቶ ፋይበር (አሰር) ይፈልጋል። በቀላሉ ከሚገኙ ነገሮች 100 ኪሎ ድብልቅ ለማዘጋጀት፦

- ፉርሽካ 40 ኪሎ
- የደረቀ አልፋልፋ 30 ኪሎ
- የኑግ ፋጉሎ 15 ኪሎ
- የተከካ በቆሎ 13 ኪሎ
- የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.5 ኪሎ
- ጨው ግማሽ ኪሎ

ጨውንና ኖራውን መጀመሪያ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ያሹ፤ አለዚያ አንድ ቦታ ተከማችተው ይቀራሉ። ድብልቁ እንደ ዱቄት እንዳይልም። የላመ መኖ አፍንጫቸው ውስጥ እየገባ ያስነጥሳቸዋል፣ ብዙውንም ይደፉታል። በጥቂት ውሃ አርሰው ከሰጡ የተረፈውን በዚያው ቀን ያንሡ፤ ይሻግታል። የሻገተ ፋጉሎ ደግሞ ጉበት ይመርዛልና፣ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ።

ጡት ከጣሉ በኋላ በቀን ከ50 ግራም ጀምረው በ8ኛው ሳምንት ከ100 እስከ 120 ግራም ያድርሱላቸው። ደረቅ ሳር ከፊታቸው አይጥፋ። ውሃው ከሚበሉት ደረቅ መኖ ክብደት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ውሃ ያጣ ጥንቸል መብላት ያቆማል።

“በቆሎ ከጨመርኩ ይፋፋሉ” ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። አንጀታቸው የሚንቀሳቀሰው በፋይበር ነው። ፋይበሩ ካነሰና ስታርች (በበቆሎ የሚበዛው ኃይል ሰጪ ክፍል) ከበዛ ዕውር አንጀት ውስጥ (ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ከረጢት) ይቦካና ተቅማጥ ያመጣል፤ ግልገሉ በ1 ወይም በ2 ቀን ሊሞት ይችላል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ጤነኛ ፋንድያ ድቡልቡል፣ ደረቅና የሽምብራ ያህል ነው። ከእሱ ሌላ ጥንቸል በቀጥታ ከፊንጢጣው እየወሰደ የሚበላው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ፋንድያ አለ፤ ፕሮቲንና ቫይታሚን መልሶ የሚያገኝበት ስለሆነ አይከልክሉት። ይህ ለስላሳው ጠዋት ጠዋት ሳይበላ ወለሉ ላይ ከተገኘ ድብልቁን ቀንሰው ደረቅ ሳሩን ይጨምሩ።

አረንጓዴ መኖ በጥላ ጠውልጎ ይሰጥ። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠልና የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ መርዝ ናቸው።

ጡት የሚጥሉበት ሳምንት

ብዙ ግልገል የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ከ30 እስከ 35 ቀን ሲሞላቸው እናትየዋን አውጥተው ግልገሎቹን በለመዱት ቤት ይተዉ። በዚያ ሳምንት መኖ አይቀይሩ። በሌላ ጊዜም ቢሆን አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዷቸው።

ሚዛን

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት መኖ ሳይቀርብ ይመዝኑ። ከላይ ባለው ድብልቅ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። ከ15 ግራም በታች ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ መኖውን ይፈትሹ። ሆዱ ተነፍቶ የጀርባ አጥንቱ ለጣት ስል ከሆነ ኮክሲዲያ (አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ) ይጠርጥሩ፤ የታረደውም ጉበቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ፤ እርስዎ ሳሩን ከወለል አንሥተው በመደርደሪያ ያቅርቡ፣ ወለሉንም በየቀኑ ይጥረጉ። በቆላ አካባቢ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የመብላት ፍላጎታቸው ስለሚዘጋ ዋናውን መኖ ወደ ማታ ያዙሩት። ዘሩን መጠራጠር ያለብዎት ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እድገቱ ካልተሻሻለ ብቻ ነው።

ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሲደርሱ ይሽጡ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ የሚወጣው መኖ እየበዛ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው በሃይማኖትም በልማድም የጥንቸል ሥጋ ስለማይበላ ገዢ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል፤ ሴቷን ከማስጠቃትዎ በፊት ማን፣ ስንት ኪሎ፣ መቼ እንደሚረከብ ይስማሙ።